ምዕራፍ ሰባት፦ ጉግስ፣ ፍቅርና የስሜን ልጅ

በጣሊያን አገር ሲየና የምትባል ጥንታዊ ከተማ አለች። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጁላይ 2 እና ኦገስት 16፣ የከተማዋ ዋና አደባባይ ዙሪያውን አፈር ይለብስና አሥር ፈረሶች ሦስት ዙር ይሮጡበታል። ከመቶ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ሁሉም ያልቃል። ፓሊዮ ይሉታል። ጋላቢዎቹ ኮርቻ የላቸውም፤ በየማዕዘኑ የሚወድቀውም ብዙ ነው። ጋላቢው ወድቆ ፈረሱ ብቻውን ቀድሞ ቢገባ ድሉ ይጸናል። ሽልማቱ የእመቤታችን ሥዕል ያለበት የሐር ሰንደቅ ነው። የኦገስቱ ግልቢያ የሚካሄደው የእነሱ ፍልሰታ በዋለ ማግስት ነው፤ እኛም ፍልሰታን የምናከብረው ነሐሴ 16 ነው። የቀን አቆጣጠራችን ባይገናኝም ቁጥሩ መግጠሙ ደስ ይለኛል።

ከተማዋ በ17 ሰፈሮች የተከፈለች ናት። ሰፈሮቹ እንደ ንስር፣ ጉጉት፣ ዝይ፣ ኤሊ፣ ግንብ ያሉ ስሞች አሏቸው፤ እያንዳንዱም የራሱ ጸሎት ቤትና ቀለም አለው፤ አብዛኞቹ ባላንጣም አላቸው። ሰው የሰፈሩ ልጅ ሆኖ ይወለዳል፤ የሰፈሩ ሰው ሆኖ ይቀበራል። ከሁለት ባላንጣ ሰፈሮች የተጋቡ ባልና ሚስት በፓሊዮ ሰሞን ተለያይተው እያንዳንዳቸው ወደየትውልድ ሰፈራቸው የሚገቡበት ጊዜ አለ። ፈረሱ የሰፈሩ ንብረት አይደለም፤ ከውድድሩ ጥቂት ቀናት በፊት በዕጣ ይደርሰዋል። ጋላቢውም ቅጥረኛ ነው፤ ከውድድሩ በፊት ባላንጣ ሰፈር ገንዘብ ሊያቀርብለት እንደሚችል ሁሉም ያውቃል። በዕጣ የደረሰው ፈረስ ግን ወደ ሰፈሩ ጸሎት ቤት ገብቶ በካህን ይባረካል። ሁለተኛ መውጣት መጨረሻ ከመውጣት ይልቅ ያማል፤ ድሉን በእጁ ሊይዝ ሲል ያጣው ሁለተኛው ነውና።

የታሪካዊ ፍቅር ልብ ወለድ ጸሐፊዎች በዚህች አደባባይ ቢመላለሱ አያስገርምም። ማሪና ፊዮራቶ እ.ኤ.አ. በ2011 ያሳተመችው «የሲየና ልጅ» ከእነዚህ አንዱ ነው። ዘመኑ 1723 ነው። ፒያ የጉጉት ሰፈር ልጅ ናት፤ አባቷ ለንስር ሰፈር አለቃ ልጅ አጭቷታል። እጮኛዋ በፓሊዮው ላይ ወድቆ ይሞትና ሐዘኑ ሳይበርድ ለወንድሙ ትሰጣለች። በዚያው ግልቢያ ላይ ግን ድሉን ትቶ የወደቀውን ሰው ለመርዳት የሞከረ አንድ ፈረሰኛ ዓይኗ ውስጥ ገብቷል። ከጀርባ ደግሞ ቪዮላንቴ አለች፤ በእውን የኖረች፣ ሲየናን ያስተዳደረች፣ ዛሬም የሚሠራበትን የሰፈሮች ወሰን የደነገገች ልዕልት።

የዚህ መጽሐፍ ጉዳይ ታሪካዊ ልብ ወለድ እንዴት እንደሚሠራ መመርመር ስለሆነ፣ ደራሲዋ ከግልቢያው ምን እንዳገኘች በጥሞና ማየት አለብን። በአሮጌው ዘመን የምትኖር የተከበረ ቤት ልጅ ለደራሲ አስቸጋሪ ባለታሪክ ናት። ከቤት አትወጣም፤ ወንድ አታነጋግርም፤ ማንን እንደምታገባ የምትሰማው ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው። ታዲያ ፍቅር በየት በኩል ይግባ? ብዙ ደራሲ መስኮትና ደብዳቤ፣ አሽከርና አስተማሪ ይፈጥራል። ፓሊዮ ግን ሁሉም ሰው፣ ሴቱም ጭምር፣ እንዲወጣ የሚፈቀድበት ቀን ነው። በዚያ ቀን ማየት ነውር አይደለም። የቤተሰብ ክብር ማንም ሙሉ በሙሉ ሊገዛው በማይችል እንስሳ ጀርባ ላይ ይወጣል። አባት፣ ሽማግሌና ሀብት የወሰኑትን ነገር አንድ የተሰናከለ ሰኮና ሊያፈርሰው ይችላል። ከመቶ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ልጅቱ የታጨላትን ሰውና ያልታጨላትን ሰው በአንድ ሜዳ አይታ ታወዳድራለች። የልብ ወለዱ ሞተር እዚህ ጋ ነው።

እንዲህ ያለ ሜዳ በእኛም አገር አለ፤ እሱን ለማየት አሁን ከጎንደር ወደ ሰሜን የሚወጣውን መንገድ እንያዝ። ወገራ ሰፊ ደጋ ነው፤ ገብስና ስንዴ፣ ባቄላና አተር የሚበቅልበት። ዳባት ከጎንደር 75 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደባርቅ ላይ ደጋው ድንገት ያልቅና ሊማሊሞ ገደሉን ይዞ ወደ ቆላው ይወርዳል፤ በቀኝ በኩል የስሜን ተራሮች ይነሣሉ። እ.ኤ.አ. በ1770 ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ከምጽዋ ተነሥቶ ወደ ጎንደር ሲመጣ የወጣው በዚህ ገደል ነው፤ ወገራንም የጎንደር ጎተራ ብሎ ጽፎለታል። የዚህ ደጋ ሜዳማነት ለአራሹ ብቻ አልጠቀመም። ለፈረሰኛም የተመቸ ነው። ስሜን ግን ገደልና አምባ ስለሆነ የበቅሎና የእግረኛ አገር ነው። ዳባትና ደባርቅ በሁለቱ ድንበር ላይ ተቀምጠዋል።

በሰሜኑ ደጋ ፈረስ በሥራ ቀን ጭነት ይሸከማል፤ ሰው ያደርሳል። በጥምቀት ግን ሌላ ፍጥረት ይሆናል። ግላሱ ይደረብለታል፤ ጋማው ይበጠራል፤ ልጓሙ ይወለወላል። ታቦቱ ከጥምቀተ ባሕር ወደ መንበሩ ሲመለስ፣ በማግስቱም ጥር 12 የቃና ዘገሊላና የሚካኤል ዕለት፣ ፈረሰኞች ሜዳ ላይ ይወጣሉ። ጉግስ የሚባለው ጨዋታ ያኔ ነው። ጥር የሰርግ ወር ስለሆነም ሙሽራ አጅበው የሚሄዱ ወጣቶች ሜዳ ባገኙ ቁጥር ይገጥማሉ።

ጨዋታው እንዲህ ነው። ፈረሰኞቹ ሁለት ወገን ሆነው ፊት ለፊት ይቆማሉ። እያንዳንዱ በአንድ እጁ ጋሻና ዛብ፣ በሌላው ዘንግ ይይዛል። ከአንዱ ወገን አንድ ሰው ወይም ጥቂቶች ሆነው ወጥተው ይጋልባሉ፤ ከሌላው ወገን ተከታትለው ይነሣሉ። የሚሸሸው ጋሻውን ወደ ኋላ አዙሮ ጀርባውንና ራሱን ይመክታል፤ ከኮርቻው ላይ ይጎነበሳል፤ ወደ ጎን ይንጠለጠላል። አሳዳጁ በሙሉ ግልቢያ ላይ ሆኖ ዘንጉን ይወረውራል። ከወረወረ በኋላ ግን ባዶ እጁን ነው። ልጓሙን ስቦ ይዞራል፤ አሁን ተሳዳጁ እሱ ነው። ዘንጉ ሲያገኝ ይሰብራል፤ ዓይን ያጠፋበት፣ ሰው የሞተበትም ጊዜ አለ። በዳር ያለው ሕዝብ ይፈርዳል፤ ሴቶቹ እልል ይላሉ፤ ፎካሪው ይፎክራል፤ የፈሪውም ስም እዚያው ይወጣል።

ጉግስን ከፓሊዮ የሚለየው ዋና ነገር መጨረሻ መስመር የሌለው መሆኑ ነው። ቀድሞ የሚገባ የለም። እያንዳንዱ ሰው በተራው ይሸሻል፤ በተራው ያሳድዳል። ስለዚህ በዳር የቆመች ሴት ከሲየናዋ ፒያ የተለየ ነገር ታያለች። ማን ፈጣን እንደሆነ ብቻ አይደለም የምታውቀው። ሰው ሲሸሽ እንዴት እንደሚሸሽ ታያለች፤ ፈረሱ ሲደክም ይገርፈዋል ወይስ ያሳርፈዋል፤ ዘንጉን የወደቀ ሰው ላይ ይወረውራል ወይስ እጁን ይመልሳል። ሲያሳድድ ደፋር፣ ሲሳደድ ግን ጨዋነቱ የሚጠፋ ወንድ በአንድ ከሰዓት በኋላ ይገለጣል። እኔ ደራሲ ብሆን ከሲየና አደባባይ ይልቅ ይህን ሜዳ እመርጥ ነበር። ግልቢያ ውጤት ይሰጣል፤ ጉግስ ጠባይ ያሳያል፤ የፍቅር ልብ ወለድ ደግሞ የሚኖረው በጠባይ ነው።

ሜዳው የሴቶች ዓይን ያለበት መሆኑንም ማጋነን አያስፈልግም። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለው ተረት ብቻውን ይበቃል። ጥምቀት ልጃገረድ አዲስ ቀሚስ ለብሳ የምትወጣበት፣ ጎረምሳ ሎሚ የሚወረውርበት፣ እናቶች በዓይናቸው ምራት የሚመርጡበት ቀን ነው። በተቀሩት ቀናት ጋብቻ የሽማግሌ ጉዳይ ነው። ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ ጥሎሹ ይነገራል፤ ልጅቱ በመጨረሻ ትሰማለች። የፒያ ቤት ሕግና የወገራ ባላባት ቤት ሕግ እዚህ ላይ ብዙም አይራራቁም።

ፈረሱን በተመለከተ ግን በጣም ይራራቃሉ። በሲየና ፈረሱ የዕጣ ነው፤ ክብሩ የሰፈር ነው። በእኛ አገር ፈረሱ የሰውየው ራሱ ነው፤ ስሙንም ይሰጠዋል። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ አሉላ አባ ነጋ፣ ባልቻ አባ ነፍሶ፣ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ ተብለዋል። በጦር ሜዳ ሠራዊቱ ጌታውን የሚጠራው በፈረስ ስሙ ነው። ወደ ኮርያ የዘመተው ቃኘው ሻለቃ ስሙን ያገኘው ከራስ መኮንን የፈረስ ስም ነው፤ ፈረሱ ከሞተ ስንት ዘመን በኋላ በሌላ ክፍለ ዓለም ሠራዊት ተጠራበት።

ብሩስ ስለዚህ ጉዳይ የማይረሳ ታሪክ ትቶልናል። የዓባይን ምንጭ ሊያይ ወደ ሰከላ ሲሄድ የዳሞቱ ገዥ ፋሲል ኮርቻና ልጓም የተጫነ የራሱን ፈረስ ሰጠው። እንዳይቀመጥበት፣ ከፊቱ እየነዳው እንዲሄድ ነገረው። በመንገዱ ያሉ ሰዎች ፈረሱን ሲያዩ የማን እንግዳ እንደሆነ ያውቃሉ፤ ማንም አይነካውም። እንዳለውም ሆነ። የማኅተም ደብዳቤ ሊሠራ የሚችለውን አንድ ባዶ ኮርቻ ሠራው። አንድ ልብ ወለድ ጸሐፊ ከዚህ ብዙ ሊወስድ ይችላል። በመሸ ጊዜ ባለቤት የሌለው የታወቀ ፈረስ ግቢ ውስጥ ቢገባ፣ የቤቱ ሰው ሁሉ ስለ ባለቤቱ የሚያስበውን ማውጣት ይጀምራል።

እንግዲህ ሜዳው አለ፤ ፈረሱ አለ፤ የሴቷም ዓይን አለ። የአማርኛ ታሪካዊ ልብ ወለድ ምን አደረገበት?

የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የታተመው ጣሊያን አገር ነው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ፣ የዘጌ ሰው፣ ኋላ ጦቢያ ተብሎ የታወቀውን መጽሐፉን እ.ኤ.አ. በ1908 ሮም ላይ አሳተመ። መጽሐፉ በድሮ ዘመን የተቀመጠ የጦርነትና የፍቅር ታሪክ ነው። ልጅቱ የወንድ ልብስ ለብሳ መንገድ ትወጣለች፤ በጠላት ንጉሥ ቤት ትታያለች፤ ትወደዳለች። ማለትም ልብ ወለዳችን ገና ሲወለድ ታሪካዊ የፍቅር ልብ ወለድ ነበር። ይህ በትምህርት ቤት በሚገባ አይነገረንም፤ እኔ ግን ትልቅ ነገር አድርጌ እይዘዋለሁ። የፍቅር ታሪክን ቀላል ነገር አድርገው የሚንቁ ሰዎች የሚንቁት የራሳቸውን ሥነ ጽሑፍ መነሻ ነው።

ከዚያ ወዲህ ታሪካዊ ልብ ወለዳችን በአብዛኛው ወደ ነገሥታቱ ዞረ፤ ከነገሥታቱም ወደ አንዱ፣ ወደ ቴዎድሮስ። ብርሃኑ ዘሪሁን በ1958 ዓ.ም. «የቴዎድሮስ እንባ»ን አሳተመ። አቤ ጉበኛ በ1961 «አንድ ለናቱ»ን አወጣ። ግርማቸው ተክለ ሐዋርያትና ጸጋዬ ገብረ መድኅን በቲያትር ሠሩት። ቴዎድሮስ ከመባሉ በፊት የቋራው ካሳ ሽፍታ ሆኖ ተነሥቶ መሳፍንቱን አንድ በአንድ አሸንፎ መንገሡ፣ በመጨረሻም በገዛ እጁ መሞቱ ደራሲን የሚጠራ ነው፤ ማንም አይወቅሳቸውም። ነገር ግን በዚህ ሁሉ ሥራ ውስጥ ፈረሱ ወደ ጦር ሜዳ ሄዶ እዚያው ቀረ። የጥምቀቱ ሜዳ ባዶ ነው። በዚያ ሜዳ ዳር መቆም የነበረባት ሴትም የንጉሡ ታሪክ ጥግ ላይ ተቀመጠች። የዚህ ምዕራፍ ቅሬታ ይኸው ነው። ሴቲቱም የስሜን ልጅ ናት።

ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ስሜንንና ትግራይን ለሃያ ዓመት ያህል የገዛ መስፍን ነው። ጃናሞራ ውስጥ ደረስጌ ማርያምን አሠራ፤ ሊነግሥባት አስቦ እንደነበር ይነገራል። የካቲት 1847 ዓ.ም. ካሳ ከጎንደር በኩል መጥቶ ደረስጌ ላይ ገጠመው። ውቤ ተሸነፈ፤ ተማረከ። ከጥቂት ቀናት በኋላ በዚያችው ቤተ ክርስቲያን አቡነ ሰላማ ካሳን ቀብተው ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ። አንድ ሰው ለራሱ ያዘጋጀውን የንግሥ ዕለት ሌላው ሲወስድበት ማየት ለማንኛውም ደራሲ በቂ ምዕራፍ ነው። ልብ ወለዶቻችንም ይህን አልሳቱትም።

ውቤ ግን ሴት ልጅ ነበረችው፤ ጥሩወርቅ። ቴዎድሮስ ያን ጊዜ ሚስት አለው፤ የራስ ዓሊ ልጅ ተዋበች። ተዋበችን የሰጡት ኃይለኛውን የቋራ ሽፍታ ለማባበል ነበር። እሷ ግን ከአባቷና ከአያቷ ከእቴጌ መነን ወገን ሳትሆን ከባሏ ጋር ቆመች፤ ተዋደዱ። በ1850 ዓ.ም. ስትሞት ንጉሡ በሐዘን ተጎዳ፤ ብዙ ሰዎች የጠባዩን መክፋት ከዚያ ይቆጥራሉ። ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ ጥሩወርቅን አገባ። አባቷ ያን ጊዜ የእሱ እስረኛ ነበር።

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ምክንያቱም ታሪክ ጸሐፊው በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚያልፈው ነገር ልብ ወለድ ጸሐፊውን መቶ ገጽ የሚያስቀምጥ ነው። አባትሽን ድል ነሥቶ፣ አባትሽ ለራሱ ባዘጋጃት ቤተ ክርስቲያን የነገሠ፣ አባትሽን ያሰረ ሰው ሽማግሌ ልኮብሻል። እምቢ ማለት ምን ያስከትላል? እሺ ማለትስ አባትን ያስፈታል ይሆን? ጥሩወርቅ መመንኮስ አስባ ነበር ይባላል። ኩሩ እንደነበረች፣ ዘሯን ከሰሎሞን የምትቆጥር የመሳፍንት ልጅ ስለሆነች የቋራውን ሰው ከራሷ በታች ታይ እንደነበር የዘመኑ የውጭ ሰዎች ጽፈዋል። ንጉሡ ሲገባ ዳዊት እየደገመች ሳትነሣለት ቀረች፤ ለምን ስትባል ከአንተ ከሚበልጥ ንጉሥ ጋር እየተነጋገርኩ ነው አለች የሚል ትረካም አለ። ትዳሩ አልሞቀም። በ1853 ዓ.ም. አለማየሁን ወለደች። ውቤ ግን በእስር እንዳለ ሞተ።

ስለ እሷ የተጻፈው ሁሉ እሷ ቴዎድሮስን እንዴት እንዳስከፋችው የሚገልጽ ነው። ከእሷ በኩል ቆሞ ያያት ጥቂት ነው። ልጅነቷ በስሜን አምባዎች እንዴት ነበር? ማን ነበር በአባቷ ግቢ የሚጋልበው? የአባቷ ፈረሰኞች በጥምቀት ሲወጡ በየት በኩል ቆማ ነው ያየችው? ይህን ልብ ወለድ እንጂ ታሪክ ሊመልሰው አይችልም፤ ታሪካዊ ልብ ወለድም ቦታው ይኸው ነው። ሰነዱ ያለውን ሳያፈርስ፣ ሰነዱ ዝም ባለበት ይናገራል። ፊዮራቶ የኖረችውን ቪዮላንቴን አልቀየረቻትም፤ ከጎኗ ያልኖረች ፒያን አቆመች። የስሜኑም ልብ ወለድ ጥሩወርቅን እንደነበረች ትቶ ከጎኗ አንዲት ደንገጡር፣ አንዲት አብሮ አደግ፣ አንድ የወገራ ፈረሰኛ ማቆም ይችላል። ፈረሰኛው ደረስጌ ላይ በየትኛው ወገን እንደሚሰለፍ መወሰን ብቻውን የፍቅሩን ዕጣ ይወስናል።

አንድ ነገር ግን የግድ መጠንቀቅ ያሻል። ቴዎድሮስን ክፉ፣ ጥሩወርቅን ንጹሕ አድርጎ መጻፍ የሲየናውን ልብ ወለድ መቅዳት ይሆናል። በዚያኛው መጽሐፍ ሁለተኛው ባል ጨካኝ ነው፤ አንባቢም ማንን እንደሚጠላ ያውቃል። በደረስጌው ታሪክ ሁለቱም የሚወደዱ፣ ሁለቱም የቆሰሉ ናቸው። አንዱ የሚወዳትን ሚስቱን ቀብሯል፤ አንዷ አባቷን በሕይወት ሳለ አጥታለች። ጉግስ እዚህ ላይ ይረዳል፤ ያሳደደው ዞሮ ተሳዳጅ ይሆናልና። ካሳ ከመሳፍንቱ ይሸሽ ነበር፤ ዞሮ አሳደዳቸው፤ በመጨረሻ እንደገና ተከበበ።

የመጨረሻውን ቀን ያየ ሰው ይህን አያጣውም። ሚያዝያ 1860 ዓ.ም.፣ የእንግሊዝ ጦር መቅደላ ሥር በደረሰ ጊዜ፣ ቴዎድሮስ ከጥቂት ሹማምንቱ ጋር በእስላምጌ ሜዳ ላይ ፈረሱን ወዲያና ወዲህ ሲያስጋልብ፣ አንድ ለአንድ የሚገጥመው ጀግና እንዲወጣለት ሲጠራ ታይቷል። እንግሊዞቹ ይህን እንደ ዕብደት ጽፈውታል። የወገራ ወይም የቋራ ሽማግሌ ቢያየው ግን ወዲያው ይገባው ነበር። ጉግስ የሚጠራ ሰው እንደዚያ ነው የሚያደርገው፤ ሜዳው ላይ ወጥቶ ወገን ይጠብቃል። ከወዲያ ግን የሚመጣ ፈረሰኛ አልነበረም፤ መድፍ ነበር። ጥሩወርቅ ከልጇ ጋር አምባው ላይ ነበረች። ከወር በኋላ፣ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ስትጓዝ በመንገድ ሞተች። አለማየሁ እንግሊዝ አገር ተወስዶ በ18 ዓመቱ ሞቶ ዊንድሰር ተቀበረ።

ታሪካችንን ካልጻፍነው ሌላው የራሱ ፍቅር ዳራ ያደርገዋል፤ ለዚህም ማስረጃ አለ። አሜዴኦ ጊዬ የሚባል የጣሊያን ፈረሰኛ መኮንን ነበር። ለ1936ቱ የበርሊን ኦሊምፒክ የፈረስ ቡድን ተመርጦ ሳለ ትቶት ወደ ኢትዮጵያ ወረራ መጣ። በኋላ «የአማራ ፈረሰኞች» የተባለ ከአገሬው የተመለመለ የፈረሰኛ ጦር መራ። ጥር 1933 ዓ.ም. ኤርትራ ውስጥ ኬሩ አጠገብ እነዚህን ሰዎች ይዞ የእንግሊዝን ታንክና መድፍ በፈረስ ገጠመ፤ ከፈረሰኞቹ ብዙዎቹ ከነፈረሶቻቸው አለቁ። ኔፕልስ ላይ እጮኛ ነበረችው፤ እዚህ ደግሞ ኸዲጃ የምትባል ሴት አብራው ትዘምት ነበር። ከጦርነቱ በኋላ እጮኛውን አገባ፤ አምባሳደር ሆነ፤ 101 ዓመት ኖሮ እ.ኤ.አ. በ2010 ሞተ። በአውሮፓ ስለ እሱ መጻሕፍት ተጽፈዋል፤ የነጩ ፈረሱ ስም ሳንዶር እንደነበር እንኳ አንባቢ ያውቃል። ከእሱ ጋር የጋለቡት የአማራ ሰዎች ግን በእነዚያ መጻሕፍት ውስጥ በአብዛኛው ስም የላቸውም፤ የፈረስ ስማቸውም አልተጻፈም። ፈረሱ የሰው ስም በሚሆንበት አገር ይህ ከመዘንጋት የከፋ ነገር ነው። ለወራሪ ያደሩ ሰዎች ናቸው ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ ደራሲ ግን አያልፍም። ለምን አደሩ? ማን ይጠብቃቸው ነበር? በዚያው ዘመን የወገራና የስሜን አርበኞች በሌላው ወገን ነበሩ። ደባርቅ አጠገብ ወልቀፊት ላይ የመሸገው የጣሊያን ጦር መስከረም 1934 ዓ.ም. እስኪማረክ ድረስ ገደሉ በጦርነት ነበር። ከአንድ ቤት ሁለት ወንድማማች በሁለት ወገን መገኘታቸው የማይቻል ነገር አልነበረም።

ዛሬ ጉግስን ለማየት የሚፈልግ ደራሲ ሩቅ መሄድ የለበትም። በአዊ የሰባቱ ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ተመሥርቶ እስከ ዛሬ አለ፤ ዓድዋ የዘመቱ አባቶችንና ፈረሶቻቸውን እያሰበ በየዓመቱ ጥር 23፣ በጊዮርጊስ ዕለት፣ እንጅባራ ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ ፈረሰኞች ይወጣሉ። ሲየና የዘመናት ግልቢያዋን በሕግና በመዝገብ እንደያዘች፣ አዊ በማኅበር ይዞታል። ወገራ እንዲህ ያለ ስም ያወጣ ማኅበር የለውም። ደባርቅ ላይ ፈረስና በቅሎ በብዛት የሚታወቁት ወደ ስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የሚገባ እንግዳ የሚከራያቸው የጭነት እንስሳት ሆነው ነው፤ የቅርቡ ጦርነት ጎብኚውን ባራቀባቸው ዓመታት ደግሞ ያም ገቢ ተቋረጠ። የኮርቻና የግላስ ሥራ የሚያውቅ፣ ዳማና ጉራቻውን፣ ቡላና አምባላዩን በመልክ ብቻ ሳይሆን በጠባይ የሚለይ ሽማግሌ ግን በዳባትና በደባርቅ ገጠሮች ዛሬም አይጠፋም። ሰጋርና ሶምሶማ እንዴት እንደሚለያዩ፣ ፈረስ ከዘንግ እንዳይበረግግ እንዴት እንደሚለመድ፣ ልጓም የማይገዛውን ምን እንደሚያደርጉት እነሱን መጠየቅ ይገባል። ይህ እውቀት የሌለው ታሪካዊ ልብ ወለድ ሜዳው ላይ ሲደርስ ይንተባተባል፤ አንባቢም ፈረስ በወረቀት ላይ ብቻ እንደሚያውቅ ሰው ያየዋል።

የስሜኑ ልብ ወለድ ከየት ይጀምር ለሚለኝ ሰው መልሴ ዝግጁ ነው። ከደረስጌ ጦርነት አይደለም። ጥምቀት ጥር 11 ነው፤ ደረስጌ የየካቲት መጀመሪያ። በመካከላቸው ሦስት ሳምንት ያህል አለ። በ1847 ዓ.ም. ጥምቀት ውቤ ገና የስሜን ጌታ ነው፤ ካሳ ወደ ሰሜን መምጣቱ በየገበያው ይወራል። የውቤ ፈረሰኞች ጉግስ ወጥተዋል። ሴቶቹ በሜዳው ዳር ቆመዋል፤ ከእነሱ መካከል የጌታው ልጅ አለች። አንድ የወገራ ልጅ ዘንጉን ወርውሮ ስቷል፤ ልጓሙን ስቦ ዞሯል፤ ሦስት ሰዎች ተከትለውታል። ጋሻውን ወደ ኋላ አዙሮ ወደ እሷ በኩል እየመጣ ነው።